ለፈጣን እጅ የሚሆን በረዶ

ወንድሜ ቴሲክ ጌም ከመጀመሩ በፊት የግራ እጁን እስከ አንጓው በረዶ ውስጥ ይነክር ነበር። በረዶውን የማመጣለት እኔ ነበርኩ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በጉንሳን ከተማ ከእኔ የሚበልጥ ሥራ ያለው ሰው አለ ብትሉኝ አላምናችሁም ነበር።

በረዶ በእኛ ሰፈር ሞልቶ የተረፈ ነገር ነው። እናታችን ወደቡ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ ታጸዳ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እጇ የሚውለው በበረዶና በጨው ውሃ መሃል ነው። በገበያው ከእሷ የሚፈጥን አልነበረም። ቢላዋዋ የዓሣው ሆድ ላይ ሲያርፍ አያለሁ፣ ቀጥሎ የማየው አንጀቱን ባልዲው ውስጥ ነው፤ መሃል ላይ የሆነውን ዓይኔ አይዘውም። ሴቶቹ "የቴሲክ እናት፣ እስቲ ይህን እጅሽን ለአንድ ቀን አውሺን" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም ጣቶቿን ጃኬቷ ላይ እያሻሸች "ውሰዱት፣ እኔም ሰልችቶኛል" ትላለች። ሁሉም ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ስለዚህ ቴሲክ "በረዶ አምጪልኝ" ሲለኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። የእማዬ እጅ የፈጠነው በበረዶ ነው፤ እሱም ሊፈጥን ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አለኝ። "ለእማዬም ቢሆን።"

"ለምን፣ ኦፓ?" አልኩት፤ ታላቅ ወንድማችንን እንዲህ ነው የምንጠራው።

"ሌሎቹ ከሰሙ ሁሉም በረዶ ይጀምራሉ።"

ይህም በቂ ምክንያት ነበር።

የምንጫወትበት ጌም ቤት ከገበያው ጀርባ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱን ማ አጆሺ፣ ጋሽ ማ እንደማለት፣ እንለዋለን፤ ሆዱ የገፋ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ግን ቅቤ የሆነ ሰው። ገና ደረጃው ላይ የሲጋራና የራምዮን ፓስታ ሾርባ ሽታ ይቀበላችኋል። ውስጥ ሠላሳ ኮምፒውተር፣ ከፊታቸው ሠላሳ የጎበጠ ጀርባ። ያን ዘመን አገሩ በሙሉ አንድ ጌም ነበር የሚጫወተው። ማዕድን የሚቆፍሩ ትንንሽ ሠራተኞች ይሰጡሃል፤ እነሱ በሚያመጡት ሀብት ሰፈር ትሠራለህ፣ ጦር ታወጣለህ፤ ባላንጣህም በዚያው ሰዓት ያንኑ ያደርጋል። ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ጎበዞቹ በቴሌቪዥን ይታያሉ፤ የክፍሌ ልጆች ፎቷቸውን ደብተራቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። እኔ ደብተሬን ባዶ ትቼዋለሁ። የእኔው ወንድም ፎቶ እስኪወጣ እየጠበቅኩ ነዋ።

ቴሲክ የሰፈራችን አንደኛ ነበር። የሰፈር አንደኛ መሆን ምንም ማለት እንዳልሆነ ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ነው። ሌሎቹ ልጆች ለመዝናናት ይጫወታሉ፤ እሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ብቻ በቀን ሃምሳ ጊዜ ይደጋግማል። ፊደሎቹን እንዳያይ ኪቦርዱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፏል። እኔ ከኋላው ቆሜ ሳያስበው በድንገት እጠይቀዋለሁ።

"ስንት ሠራተኛ አለህ?"

"ሠላሳ አራት" ይላል ዓይኑን ሳይነቅል።

"ስንት ሰፈር?"

"ሦስት። አራተኛው እየተሠራ ነው። ቶሎ ቶሎ ጠይቂኝ፣ ተኝተሻል እንዴ?"

ሲሳሳት ጀርባውን በማስመሪያ እመታዋለሁ። ፈቅዶልኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ሥልጣን ይዤ አላውቅም።

ሲሸነፍ ደግሞ የተቀዳውን ጨዋታ መልሶ ይከፍትና "የት ነው የሞትኩት?" ይለኛል። ጦሩ ያለቀበትን ቦታ በጣቴ አሳየዋለሁ። "አይደለም" ብሎ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ በጣም ወደ ኋላ፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ። ሦስት ሠራተኞች ሥራ ፈትተው ቆመዋል፤ እሱ ሌላ ቦታ ሲዋጋ ረስቷቸዋል። "እዚህ ጋ ነው የሞትኩት። ከዚህ በኋላ ያለው ቀብሩ ነው።"

በጥር ወር እጁን ማራገፍ ጀመረ። ውሃ የነካው ይመስል ከአንጓው ወደ ታች ያራግፈዋል፣ ጣቶቹን ይዘረጋል ይጨብጣል፣ ከዚያ ወደ በረዶው ይመልሰዋል። እኔ የልምምዱ ክፍል መሰለኝ። በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ እሱ ሽንት ቤት ሄዶ ሳለ እኔም ሞከርኩት፤ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ እጄን ባልዲው ውስጥ ያዝኩና ኪቦርዱ ላይ አሳረፍኩት። ጣቶቼ ቁልፎቹን አያውቋቸውም። እንደ እንጨት ናቸው። ገና ስላልለመድኩት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በላይ ግልጽ ማስረጃ ማን ይሰጠኝ ነበር? እውነቱ እጄ ላይ ነበር፤ አላየሁትም።

ማ አጆሺ እናታችንን ሊያናግራት ገበያ የመጣ ቀን ከዓሣ ሳጥኖቹ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። የሴኡል አንድ የጌም ቡድን ተለማማጅ ይፈልጋል አላት። በየካቲት መጨረሻ እሑድ ጆንጁ ከተማ ላይ ፈተና አለ። ስምንት ልጅ ይጠራል፣ አንድ ይወሰዳል። የተወሰደው ከቡድኑ ጋር አንድ ቤት ይኖራል፣ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይለማመዳል።

"ካልወሰዱትስ?" አለች እማዬ ቢላዋዋን ሳታቆም።

"ይወስዱታል እንጂ! እጁን እርስዎም አይተውታል እኮ። እኔ ቤት ስንት ልጅ ተቀምጦ ተነስቷል፣ እንደሱ ያለ አላየሁም።"

"ካልወሰዱትስ ነው ያልኩዎት።"

ማ አጆሺ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ዓሦች በዓይኑ መቁጠር ያዘ።

"እንግዲያው በመጋቢት ከአባቱ ጋር መርከብ ይወጣል" አለች። "ቦታ ተይዞለታል። አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው፤ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሊያረጅ ነው?"

አባታችን የሩቅ ባሕር ዓሣ አጥማጅ ነበር። በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ዛጎልና የታሸገ አናናስ ያመጣል፣ ብዙ ይተኛል፣ ይሄዳል። ስለዚህ መርከብ ለእኔ የአናናስ አገር ነበር። ቴሲክ ያን ወሬ ስነግረው ለምን ፊቱ እንደጠቆረ አልገባኝም። የአባታችን ሁለት ጣት ለምን ጎዶሎ እንደሆነ እንኳ ጠይቄ አላውቅም፤ ከተወለደ ጀምሮ ይመስለኝ ነበር።

የካቲት መግቢያ ላይ በዋለው የአዲስ ዓመታችን ቀን ቴሲክ የሩዝ ቂጣ ሾርባውን ድስት ከምድጃው አንስቶ ወደ ጠረጴዛው ሲያመጣ የግራ እጁ ለቀቀው። ሾርባው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እኔ የቂጣዎቹን መንከባለል አይቼ ሳቅኩ። እማዬ ሾርባውን አላየችውም። የምታየው እጁን ነበር።

"ግሎ ነው" አለ ቴሲክ። "እጀታው አቃጠለኝ።"

በማግስቱ ገበያ ስንደርስ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጓንቷን አወለቀች። ይህን የምታደርገው አልፎ አልፎ ነው።

"ዳሂ፣ ስሚኝ። ከኦፓሽ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ። እጁን ያመዋል?"

"አያመውም።"

"ሦስቱ ጣቶቹ፣ እነዚህ" አለች አውራ ጣቷን፣ ጠቋሚዋንና መሃለኛዋን እየነካች፣ "ይደነዝዙበታል? ሌሊት ይቀሰቅሰዋል? እንዲህ እያደረገ ያራግፈዋል?" አራገፈችው። ልክ እንደ እሱ።

ምስጢሩን ልትደርስበት ነው። ዛሬ እማዬ አወቀች ማለት ነገ ገበያው ሁሉ አወቀ ማለት ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጆንጁ የሚመጡት ሌሎቹ ሰባት ልጆች በሙሉ እጃቸውን በረዶ ውስጥ ነክረው ይጠብቁናል።

"ኧረ ምንም አይሆንም!" አልኳት። "እንዲያውም ከአንቺም ይፈጥናል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ትንሽ አየችኝና ሳቀች። ሸክም እንደወረደላት ሰው ትከሻዋ ዝቅ አለ። "ከእኔም?" አለች፣ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። ያን ቀን ጀግና ነበርኩ። ተይዤ፣ ተመርምሬ፣ አንዲት ቃል ሳላወጣ የተመለስኩ ጀግና። ያን ሁሉ ምልክት እንዴት አንድ በአንድ እንዳወቀችው አልገረመኝም። የምትዘረዝርልኝ የራሷን እጅ እንደነበረ የገባኝ እኔ ራሴ ሴት ሆኜ፣ እሷ ደግሞ የሩዝ ማንኪያ መያዝ ሲያቅታት ነው።

የፈተናው ቀን እማዬ አምስት የተቀቀለ እንቁላል በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችን። ሥራ ነበረባትና አልመጣችም። ማ አጆሺ በአሮጌ መኪናው ወሰደን፤ እኔ በሁለት ጉልበቴ መሃል በረዶ የሞላ ፔርሙስ ይዤ።

አሰልጣኙ ቀጭን ሰው ነው፤ የቡድኑን ጃኬት ለብሶ እጁን አጣምሮ ከልጆቹ ጀርባ ይመላለሳል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ጨዋታ። ቴሲክ የመጀመሪያውን አሸነፈ። ሁለተኛውንም። በሁለተኛው ላይ አሰልጣኙ ከጀርባው ቆሞ ቀረ፤ ማ አጆሺም በክርኑ ነካ አደረገኝ። ሦስተኛውን ካሸነፈ አበቃ፣ የእኛ ነው።

የወንድሜን እጅ በዓይኔ ብቻ ሳይሆን በጆሮዬም አውቀዋለሁ። የግራው ሳያቋርጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ የቀኙ ማውስ ጠቅ ጠቅ ይላል። በሦስተኛው ጨዋታ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ፣ እየመራ ሳለ፣ ዝናቡ ቆመ።

ስክሪኑ ላይ ሠራተኞቹ ቆመዋል። ጦሩ ሜዳ መሃል ትእዛዝ እየጠበቀ ይደበደባል። ቴሲክ ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛው ሥር አስገብቶ ስክሪኑን ያያል። "ኦፓ" አልኩት በሹክሹክታ። "ኦፓ፣ ስንት ሠራተኛ አለህ?"

በጨዋታው ሕግ ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚጠብቀው አንድ ወግ አለ። የተሸነፈ ሰው ጂ-ጂ ብሎ ይጽፋል፤ ጥሩ ጨዋታ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ ይወጣል። ሳይጽፉ መውጣት ሽማግሌ ፊት እግር እንደመዘርጋት ነው። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ቴሲክ ነው፤ አንዴ ተናድጄ ሳልጽፍ ብወጣ ጆሮዬን ቆንጥጦ አስመልሶ አስጽፎኛል። አሁን ግን የመጨረሻዋ ቤቱ ተቃጥላ እስክትፈርስ ድረስ ቁጭ ብሎ አየ። አንድም ፊደል አልጻፈም።

አሰልጣኙ ሌላ ምንም ሳይል "ጂ-ጂ የማይጽፍ ልጅ እኔ ቤት አይገባም" አለና ወደሚቀጥለው ልጅ ሄደ።

ማ አጆሺ ሆዱ እስኪታጠፍ አጎንብሶ "ይቅርታ ያድርጉልን፣ ልጅነት ነው፣ ይቅርታ" እያለ ተከተለው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጠረጴዛው ሥር ምን ሲያደርግ እንደነበር ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ነው የነገረኝ። የግራ እጁ ተኮማትሮ አልዘረጋ ብሎት በቀኙ ጨምቆ ይዞት ነበር። በቀኙ መጻፍ ይችል እንደነበር ያውቃል። ግን ከለቀቀው ያዩታል። "ስድ ነው ካሉኝ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን ይፈትነኛል፤ እጁ የሞተ ነው ካሉኝ ግን አበቃ" ብሎ አሰበ። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ያን ሁሉ ማሰቡ፣ እውነትም ፈጣን ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እንቁላሎቹን የነካቸው የለም። በመሃል ቴሲክ ምንም ሳይናገር የግራ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ መዳፉ ወደ ላይ፣ እንድይዘው። አፍሬበት ነበር። እጄን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና በመስኮት የደረቀውን የሩዝ ማሳ ማየት ያዝኩ።

በመጋቢት መርከብ ወጣ። በሰኔ መለሱት። መረብ ሲጎተት ገመዱ ከእጁ እያመለጠ ሁለት ሰው ሊያስገድል ነበር አሉ። ሐኪሙ አንጓው ላይ መርፌ ወጋው፤ አልተሰማውም። "ነርቩ ከተጎዳ ቆይቷል" አለ። "በየካቲት አምጥታችሁት ቢሆን ኖሮ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይስተካከል ነበር። በዚያ ላይ ገመድ ሲያስጎትቱት ከረሙ።"

እማዬ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ደረቷን በቡጢ መታች። "እኔ ነኝ መርከብ የላክሁት። በእጄ፣ በገዛ እጄ።" ቦርሳዋን ይዤ ከጎኗ ቆሜያለሁ። በረዶ እጅ እንደማያፈጥን ያን ቀን ገባኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። እንደዘጋሁት ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

እማዬ ባለፈው መስከረም ሞተች። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ቴሲክ ሊጠይቃት ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ግራ እጁን ነበር።

ቤቷን ልናስለቅቅ በኅዳር ተገናኘን። ቴሲክ አሁን አርባ ዓመቱ ነው፤ ጆንጁ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ይሠራል፤ አጥሩን የሚያነሳውን ቁልፍ በቀኙ ይጫናል። ጸጉሩ ሳስቷል። ጓዳው ውስጥ በረዶ አመላልስበት የነበረውን የእማዬን ሰማያዊ ባልዲ ሳገኝ ይዤው ወደ እሱ ሄድኩ።

"ኦፓ፣ የምነግርህ ነገር አለ" አልኩት። "እማዬ ጠይቃኝ ነበር። ሾርባው በፈሰሰ ማግስት። እጁን ያመዋል ወይ ብላ። አያመውም አልኳት።"

ያጣጥፍ የነበረውን ብርድ ልብስ አስቀመጠ።

"አውቃለሁ" አለ።

"እንዴት ታውቃለህ?"

"ያኔውኑ ነግራኛለች። 'ዳሂን ጠየቅኳት፣ ምንም የለበትም አለችኝ' አለችና አቀፈችኝ። ደስ አለኝ።" ቀና ብሎ አላየኝም። "በረዶውን ማ አጆሺን ብለምነው ይልክልኝ ነበር። ግን በሁለተኛው ቀን ለእማዬ ይነግራታል። ጓደኞቼም ያው ናቸው። አንቺ ግን በላስቲክ ቱቦ ብትገረፊ አትናገሪም። ለዚህ ነው አንቺን የመረጥኩሽ።"

ይቅር እንዲለኝ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ እንባዬን ሁሉ አዘጋጅቼ። ለዚህኛው አልተዘጋጀሁም። ንዴት ከእግሬ ጀምሮ ወጣብኝ።

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ለእሷስ ለምን አልነገርካትም? 'መርከቡ አይደለም፣ ቀድሞም ታምሞ ነበር፣ እኔ ነኝ የደበቅኩሽ' ብትላት ምን ነበረበት? ደረቷን እየደቃች ነው እኮ የሞተችው!"

"ብነግራት 'በረዶውን ማን አመጣልህ' ትላለች" አለ። "ያንን ትጠይቃለች፣ ታውቂያታለሽ። እኔስ ምን ልላት ነው?"

ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን ስንል አንዲትን ሴት ሃያ ሁለት ዓመት በሐሰት አስለቅሰናታል። ወደ ኋላ መልሼ ሳየው የሞትነው ጆንጁ ላይ አይደለም፣ መርከቡም ላይ አይደለም። ዓሣ ሳጥኖቹ መሃል ነው፤ ጓንቷን አውልቃ በጠየቀችኝ ጊዜ።

ጓዙን ጭነን ስንጨርስ ከጭነት መኪናው ኋላ ተቀምጠን ሾፌሩን ጠበቅነው። ከወደቡ የሚመጣው ነፋስ ፊት ይገርፋል። ቴሲክ አጠገቤ ነው፤ ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ጎድጉዷል፣ ቆዳው ከብርዱ የተነሳ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። እሱ ብርዱ አልታወቀውም።

ገና እንደተናደድኩ ነበር። እንደተናደድኩ እጁን ያዝኩትና ከእጄ ጋር ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ይሰማው እንደሆነ አልጠየቅኩትም።